«የማልታው ጭልፊት»ን በሒሳብ መዝገብ ማየት

ጥቁርና ነጭ የመርማሪ ፊልም ጀምረው «ማን ማንን እንደገደለ ግራ ገባኝ» እያሉ መሀል ላይ የሚያቋርጡ ሰዎች ብዙ አውቃለሁ። ችግራቸው የማስተዋል ማነስ ሳይሆን የሚነገረውን ሁሉ ማመን ነው። ፊልም ኗር በሚባሉት በእነዚህ ጨለማ የወንጀል ፊልሞች ውስጥ ያሉ ሰዎች አፋቸውን የሚከፍቱት በአብዛኛው ለመዋሸት ነው። ደንበኛው መርማሪውን ይዋሻል፤ መርማሪው ፖሊሱን ይዋሻል፤ ፖሊሱም የሚያውቀውን ደብቆ የማያውቀውን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ሲከተል የቆየ ተመልካች ራሱ ቢዞርበት አይፈረድበትም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። በሥራዬ የሰው ቃል የሚደመጠው ሰነዱ ከታየ በኋላ ነው። ፊልምም የማየው በዚሁ ልማድ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ፣ ለምን እንደሰጠና ገንዘቡ በመጨረሻ ማን ኪስ እንደገባ እየመዘገብኩ። ባለቤቴ «ፊልም ማየት ነው ወይስ ካዝና መቁጠር?» ትለኛለች። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ነገሩን የምትጠይቀው እኔኑ ነው።

ዘዴውን ለመልመድ ከ«ዘ ማልቲዝ ፋልከን» («የማልታው ጭልፊት») የተሻለ ፊልም የለም። ጆን ሂውስተን በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዋርነር ብራዘርስ የሠራው የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራው ነው። ታሪኩ የዳሺል ሐሜት ልቦለድ ሲሆን መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1930 ነው። ሐሜት ደራሲ ከመሆኑ በፊት ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ መርማሪ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስከፍል ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌሎች የመርማሪ ታሪኮች ውስጥ ጀግናው በምን እንደሚተዳደር ሳናውቅ ታሪኩ ያልቃል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዶላር በዓይናችን ፊት ይቆጠራል። ይኸው ልቦለድ ከዚህ በፊት በ1931 እና በ1936 ለፊልም በቅቶ ነበር። ሦስተኛው ነው የቆየው።

በመጀመሪያ ቅጂውን ይምረጡ። ፊልሙ በ1980ዎቹ ቀለም ተቀብቶ ወጥቶ ነበር፤ ሂውስተን በሕይወት ስለነበረ በአደባባይ ተቆጥቶ ተቃወመው። ትክክል ነበር። ቀለም የተቀባውን ካገኙ ይተዉትና ጥቁርና ነጩን ይፈልጉ። ንግግሩ ፈጣን ስለሆነ እንግሊዝኛውን ቢያውቁትም እንኳ የግርጌ ጽሑፉን ያብሩት፤ ቁጥሮች የሚያመልጡት በንግግር ፍጥነት ነው። ርዝመቱ 100 ደቂቃ ገደማ ነው። የቴሌቪዥኑን ብርሃን ከልክ በላይ አይጨምሩት። የካሜራ ባለሙያው አርተር ኤድሰን ጨለማውን ያስቀመጠው አውቆ ነው።

ከዚያ ሁለት ወረቀት ያዘጋጁ። በአንደኛው ላይ አምስት አምድ ይስመሩ፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ መጠን፣ የተባለው ምክንያት፣ እውነተኛው ምክንያት። አምስተኛውን አምድ መጀመሪያ ሲያዩ ባዶ ይተዉት። ሁለተኛው ወረቀት የዕቃ መዝገብ ነው፤ ሽጉጥ፣ ካፖርት፣ ፓስፖርት፣ ደረሰኝ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ገንዘቡን ከዕቃው አይቀላቅሉ። ገንዘቡ ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ያሳይዎታል፤ ማን እንደገደለ የሚነግርዎት ዕቃው ነው።

የፊልሙን የመጀመሪያ ሰነድ ራሱን ይጠርጥሩ። መክፈቻው ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አለ፤ በ1539 የማልታ ቴምፕላር ባላባቶች በጌጥ የተሸፈነ የወርቅ ጭልፊት ለንጉሥ ካርሎስ አምስተኛ ግብር እንደላኩና በመንገድ ላይ የባሕር ወንበዴዎች እንደዘረፉት ይናገራል። ቴምፕላሮች ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብለው ፈርሰው ነበር። ማልታን ከካርሎስ የተቀበሉት ሆስፒታለር የሚባሉት ባላባቶች ናቸው፤ ዓመቱም 1530 ነው፤ የዓመት ኪራዩም አንድ ጭልፊት ነበር፤ ወርቅ ሳይሆን ነፍስ ያለው፣ የሚበር ወፍ። ታሪክ አዋቂዎች ይህን እንደ ስሕተት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም እላለሁ፤ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ሐሰተኛ ከሆነ ኦዲተር ቀሪውን እንዴት እንደሚያነብ ያውቃል።

አሁን ያስጀምሩት። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ፣ የስፔድና የአርቸር የምርመራ ቢሮ ነው። ሳም ስፔድ፣ ማለትም ሐምፍሪ ቦጋርት፣ ሲጋራ እየጠቀለለ ሳለ አንዲት ወይዘሪት ትገባለች። ወይዘሪት ወንደርሊ እባላለሁ፤ እኅቴን ፍሎይድ ተርዝቢ የሚባል ሰው ይዟት ጠፍቷል፤ ተከታተሉልኝ ትላለች። የስፔድ ሸሪክ ማይልስ አርቸር ገብቶ ያያታል፤ ሥራውን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ ይላል። ሁለት የመቶ ዶላር ኖት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ያቁሙት።

ይጻፉ፤ ሰጪ፣ ወንደርሊ። ተቀባይ፣ ስፔድና አርቸር። መጠን፣ 200 ዶላር። የተባለው ምክንያት፣ የጠፋች እኅት። ከዚያ አርቸር ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ የሚናገረውን ያዳምጡ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሌላም እንዳለ አይቷል። አርቸር ገንዘቡን አየ እንጂ ገንዘቡ ለምን እንደበዛ አልጠየቀም። ስፔድ ግን ጠይቋል፤ ይህን የምናውቀው በኋላ ነው። ሴትዮዋ ታሪኬ ውሸት ነበር ብላ ስትናዘዝ፣ እኛ ያመንነው ታሪክሽን ሳይሆን ገንዘብሽን ነው፤ እውነት ብትናገሪ ከምትከፍይው በላይ ከፍለሽናል ይላታል። በሥራዬ ዘመን ይህን አባባል ባውቀው ኖሮ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር። ከዋጋው በላይ የተከፈለበት አገልግሎት ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ትርፉ ምን ሊገዛ ነው?

ሌሊት ስልክ ይጮኻል። ይህን ትዕይንት በደንብ ይዩት፤ ካሜራው ስፔድን አያሳየንም፤ በጨለማ ውስጥ ስልኩንና የተከፈተውን መስኮት ነው የሚያሳየን። አርቸር ተገድሏል። አሁን ሁለተኛውን ወረቀት ይሳቡ። ስፔድ ቡሽና ስቶክተን መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ፖሊሱ ፖልሃውስ የሚነግረውን አንድ በአንድ ይመዝግቡ። የገዳዩ ሽጉጥ ዌብሊ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነው። የአርቸር ሽጉጥ ከማኅደሩ አልወጣም። ካፖርቱ እንደተቆለፈ ነው። ፖልሃውስ ወርደህ አስከሬኑን እይ ሲለው ስፔድ እምቢ ይላል። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ጭካኔ ያየዋል። እኔ ግን የምዘግበው «ቆጠራ አላስፈለገውም» ብዬ ነው። ሦስቱን ነገሮች ከተጻፉ በኋላ ያስምሩባቸውና ይቀጥሉ፤ አይተርጉሟቸው፤ ቀናቸው ገና ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስፔድ በሩ ላይ የአርቸር ስም እንዲፋቅ ለጸሐፊው ለኤፊ ያዝዛል። የአርቸር ሚስት ከስፔድ ጋር ግንኙነት እንደነበራትም እዚሁ እንረዳለን። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ባይሆንም በጠርዙ ላይ ይጻፉት፤ ፖሊሶቹ ስፔድን የሚጠረጥሩበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ኋላም ጆኤል ካይሮ ይመጣል። ፒተር ሎሬ ይህን ሰው ሲጫወተው ማየት በራሱ ቲኬት የሚያስቆርጥ ነው። ካርዱ ሽቶ ይሸታል፤ ንግግሩ እንደ ማር ነው። የጥቁር ወፍ ሐውልት (የመክፈቻውን ጭልፊት ማለቱ ነው) ላስመለሰልኝ 5,000 ዶላር እከፍላለሁ ይላል። ከዚያ ወዲያው ሽጉጥ አውጥቶ ቢሮውን ልፈትሽ ይላል። ስፔድ ሽጉጡን ይቀማዋል፤ በቡጢ ያስተኛዋል፤ ኪሱን ያራግፈዋል። የሚወጣውን ሁሉ በዕቃ መዝገቡ ያስፍሩ፤ ፓስፖርቶች፣ የቲያትር ቲኬት፣ ሽቶ የተነከረ መሐረብ። ካይሮ ሲነቃ ምን ይሆናል? ድርድር! መቶ ዶላር ቅድሚያ ልስጥህ ይላል፤ ስፔድ ሁለት መቶ ይሁን ይላል፤ ሁለት መቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ 5,000 የተባለው ቃል ነው፤ 200 የተባለው ኖት ነው። በመዝገቡ ላይ የሚገባው ኖቱ ብቻ ነው። ካይሮ ሽጉጡን መልሱልኝ ይላል፤ ይሰጠዋል፤ መልሶ ይደግንበታል። ስፔድ ይስቃል። እኔም በዚህ ቦታ ስንት ጊዜ እንደሳቅሁ አላውቅም።

ካይሮ ከመምጣቱ በፊት ወይዘሪት ወንደርሊ ብሪጂድ ኦሾነሲ ሆናለች፤ ሜሪ አስተር ናት። ስፔድ ስንት አለሽ ሲላት 500 ገደማ ትላለች። ትሰጠዋለች፤ ይቆጥረዋል፤ 400 ነው። ለኑሮዬ ያስቀረሁት ነው ትላለች። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቷ ነው፤ በተቆጠረች ቁጥር ታንሳለች። ሙሉ ትዕይንቱ በዕንባ የታጀበ ነው፤ ዕንባው ግን በየትኛውም አምድ አይገባም። አንድ ዘዴ ልንገርዎት፤ ይህን ክፍል ድምፁን አጥፍተው አንዴ ይዩት። የስፔድ እጅ የት እንዳለ፣ የእሷ ዓይን የት እንዳለ ይመልከቱ። ድምፁ ሲጠፋ የልመና ትዕይንት የነበረው የግብይት ትዕይንት ሆኖ ያገኙታል።

ካስፐር ጉትማን ሲመጣ እርሳስዎን ይቅረጹ። ሲድኒ ግሪንስትሪት ከስድሳ ዓመቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ የታየው በዚህ ነው፤ ለኦስካርም ታጨ። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ስለሚያየው ሆዱ ክፍሉን ይሞላል። ይህ ሰው ወፉን ለ17 ዓመታት ሲያሳድድ ኖሯል። በመጀመሪያው ስብሰባ ስፔድ በቁጣ ብርጭቆ ሰብሮ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ እጁን አይቶ ፈገግ ይላል። ቁጣው ዋጋ ማስወደጃ ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ ጉትማን ሁለት አማራጭ ያቀርባል፤ ወፉ ሲረከብ 25,000 እና በኋላ ሌላ 25,000 ዶላር፣ አለበለዚያ ከሽያጩ ሩብ። አኃዙ እየናረ ሲሄድ የስፔድ መጠጥ ውስጥ የተጨመረው ማደንዘዣ ሥራውን ይጀምራል። አንድ ተስፋ ከመጠን በላይ ሲያብጥ መጠጡን መጠርጠር ነው።

ከዚያ በኋላ የመርከብ አዛዡ ጃኮቢ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ ቢሮው ገብቶ ይሞታል። ይህን ሰው የሚጫወተው የዳይሬክተሩ አባት ዋልተር ሂውስተን ነው፤ ስሙ በፊልሙ ዝርዝር ላይ የለም። ስፔድ ዕቃውን አውቶቡስ ጣቢያ አስቀማጭ ዘንድ ያስቀምጥና የተቀበለውን ወረቀት በፖስታ ወደ ራሱ ሣጥን ይልካል። ይህን ሁሉ ገንዘብ በሚያዘዋውር ፊልም ውስጥ ለአንድ ነገር በሥርዓት ደረሰኝ ሲቆረጥ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ለስፔድ ያለኝ አክብሮት የጨመረውም እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው ረጅም ሌሊት ነው፤ ሁሉም ስፔድ ቤት ተሰብስበዋል። ሳያቋርጡ ይዩት፤ ገንዘቡ ሲነሳ ብቻ ያቁሙ። ጉትማን ፖስታ ይሰጠዋል፤ ውስጡ አሥር የሺህ ዶላር ኖት አለ። (የሺህ ዶላር ኖት የፊልም ፈጠራ አይደለም፤ እስከ 1945 ታትሟል፤ በ1969 ነው ከሥርጭት እንዲወጣ የተወሰነው።) ስፔድ ስለ ብዙ ገንዘብ ነበር የተነጋገርነው ሲል፣ ጉትማን ያ ንግግር ነበር፤ ይህ ግን ገንዘብ ነው የሚል መልስ ይሰጠዋል። እኔ በካይሮ ጊዜ ያልኩትን ወንጀለኛው ራሱ አረጋገጠልኝ።

ቀጥሎ የካዝና ጉድለት ይመጣል። ጉትማን ፖስታውን መልሶ ተቀብሎ ይቆጥርና ዘጠኝ ነው ያለው ይላል። ዓይን ሁሉ ወደ ብሪጂድ ይዞራል። ስፔድ ግን ብዙም ሳይቆይ ጉትማንን አንተ ነህ የሸሸግኸው ይለዋል፤ ጉትማንም እየሳቀ ያወጣዋል። የሌባ ዓይነ ደረቅ ይሏል ይህ ነው። ጉድለት ያወጀው ሰው መጀመሪያ ይፈተሽ የሚለውን ደንብ ለአዲስ ሠራተኞች ሳስተምር የምጠቅሰው ምሳሌ ከዚህ የተወሰደ ነበር፤ ፊልም መሆኑን ግን አልነግራቸውም ነበር።

ወፉ ሲመጣ ጉትማን በሰንጢ ይፍቀዋል። እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፤ ሐሰተኛ። ለፊልሙ ከተሠሩት የእርሳስ ጭልፊቶች አንዱ በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ይህን የት አምድ እንደማስገባው እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ፊልሙን ገና ያላዩ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን አይተው ሲጨርሱ ይመለሱበት፤ ገዳዩን መናገሬ ነው።

ጉትማን ገንዘቡን በሽጉጥ ሲያስመልስ ስፔድ ለድካሜና ለወጪዬ ብሎ አንድ ሺህ ያስቀራል። አሁን ሁለተኛውን ወረቀት ያውጡና ያሰመሩባቸውን ሦስት መስመሮች ያንብቡ። ልምድ ያለው መርማሪ፣ የሚከታተለውን ወንጀለኛ ተከትሎ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ሽጉጡን ከማኅደሩ ሳያወጣ፣ ካፖርቱን ሳይፈታ አይሄድም። ካፖርቱ ተቆልፎ ከተገኘ አብሮት የነበረው የማይፈራው ሰው ነበር ማለት ነው። አርቸር በመጀመሪያው ትዕይንት ያቺን ሴት እንዴት እንዳያት ያስታውሱ። ዌብሊው የተርዝቢ ነበር፤ ብሪጂድ በሱ አርቸርን ገድላ ግድያውን በተርዝቢ ላይ ልታላክክ አስባ ነበር። ስፔድ ይህን የሚያውቀው ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይሁን ወይስ ኋላ የደረሰበት፣ ፊልሙ አይነግረንም። እኔ ከመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ። ባለቤቴ አትስማማም፤ ቢያውቅ ኖሮ አይወዳትም ነበር ትላለች።

ብሪጂድን ለፖሊስ አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት የሚናገረውን ደግመው ያዳምጡ። ያ ንግግር የሁለት ወገን ሒሳብ ነው። በአንድ ወገን ምክንያቶቹን ይደረድራል፤ የሰው ሸሪክ ሲገደል ዝም አይባልም፤ መርማሪ ገዳይ ሲለቅ ለሙያው ነውር ነው፤ ዛሬ ብለቅሽ ነገ ጀርባዬን አላምንሽም። በሌላው ወገን ያለው ምናልባት እንዋደድ ይሆናል የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ወፉ እውነተኛ ቢሆን ኖሮስ ስትለው፣ ያ ብዙ ገንዘብ በሌላው ወገን የሚጨመር አንድ ነገር ይሆን ነበር ይላታል። ይበቃ ነበር ወይ? አይነግራትም። መዝገብ አንብቤ የተንቀጠቀጥኩት በዚህ ትዕይንት ነው።

አሁን አምስተኛውን አምድ ይሙሉና ይደምሩ። ስፔድ ከፖሊሶቹ ፊት ሺህ ዶላሩን ጉቦ ሊሰጡኝ የሞከሩት ነው ብሎ ከሽጉጦቹ ጋር በኤግዚቢትነት ያስረክባል። ሁሉም ጥሩ። ግን የመጀመሪያው 200፣ የካይሮ 200፣ ከብሪጂድ ቦርሳ የወጣው ሌላው? እነሱ ሲቀርቡ አላየሁም። እኔ የምርመራ ሪፖርት ብጽፍ ስፔድን በግድያው ነጻ አውጥቼ በቀሪ ሒሳቡ ማብራሪያ እጠይቀው ነበር።

ዘዴውን ከለመዱት በኋላ ወደ ሌሎቹ ይሂዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በ1946 የወጣውን «ዘ ቢግ ስሊፕ»ን በመዝገብ አይጀምሩት። ሾፌሩን ማን እንደገደለው ሲጠየቅ የልቦለዱ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለር ራሱ አላውቅም እንዳለ ይነገራል፤ ሒሳቡ የማይዘጋ ፊልም ነው። እሱን ለጨዋታው ብለው ይዩት። ከዚያ ይልቅ የ1944ቱን «ደብል ኢንደምኒቲ» ይያዙ። እዚያ መርማሪው የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሣ ጥያቄ አጣሪ ነው፤ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ነው የሚጫወተው፤ ሰንጠረዥና አኃዝ በቃሉ የሚያነበንብ ሰው። አምዶቹን ለዚያ ፊልም ይቀይሯቸው፤ ሰጪና ተቀባይ በማለት ፈንታ «የውሉ ቀን»፣ «ፈራሚ»፣ «ፈራሚው የሚፈርመውን ያውቅ ነበር ወይ» ብለው ይስመሩ። የመጨረሻውን አምድ የሚሞሉት ገና በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው።